ችካል ነቃዩ አቶ ልሳነወርቅ

በሰኔ ወር መባቻ፣ በአንድ ማክሰኞ ጧት፣ የመሬት ቀያሿ አብርሆት አሥራት ከዊተን የሜትሮ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ቁልቁለታማ መንገድ ላይ መኪናዋን አቁማ ስትወርድ፣ ባለፈው ዓርብ በገዛ እጇ ከተከለቻቸው ዐሥራ አራት ችካሎች አንዱም በቦታው አልቆያትም። በየጉድጓዱ አፈር ተመልሶ በእግር ተደልድሏል። ነቃዩ ማንም ይሁን ማን፣ የጀመረውን ሥራ በወጉ የሚጨርስ ሰው ነበር።

ይህ ሲሆን ሦስተኛ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አብርሆት በሣር አጫጆች አመካኘች፤ በሁለተኛው በትምህርት ቤት ልጆች አመካኘች፤ በሦስተኛው ግን የምታመካኝበት ፍጡር አጥታ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መንገዱ መካከል ቆመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በዚያ መንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃ ቱቦ ሊቀብርና በላዩ የእግረኛ መንገድ ሊያነጥፍ ወስኗል። ቱቦው የሚቀበረው ችካል የሚያሳየውን መስመር ተከትሎ ነው፤ ችካል ከሌለ ቆፋሪው የት እንደሚቆፍር አያውቅም። ደግሞም ቱቦው የሚያልፍበት የአንድ ግቢ ባለቤት ፈቃዱን በፊርማው መስጠት ነበረበት። ችካሎቹም ፊርማውም እስከ ዓርብ ካልተሟሉ የሥራው ተራ ወደ ሌላ መንደር ይዛወርና ይህ መንገድ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። በመንገዱ ራስጌ ለሚኖሩት ሁለት ዓመት መጠበቅ ቀላል ነው። በግርጌው ባለው የመጨረሻ ቤት ግን ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ክፍሉ የሚባል ሰው ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል፤ ደረጃ የሌለው በር እዚያ ብቻ ነውና። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ የሚገባው በዚያው በር ነው።

አብርሆት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዊተን ብዙም በማትርቀው በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ በተባለው የገበያ ማእከል አጠገብ ካሉት ረጃጅም አፓርታማዎች በአንዱ አድጋ፣ አባቷ ታክሲ እየነዱ ምሕንድስና አስተምረዋት፣ እነሆ ስድስት ዓመት መሬት ስትለካ ኖራለች። በመሥሪያ ቤቷ የምትታወቀው በትዕግሥቷ ነበር። በዚያን ጧት ግን ትዕግሥቷ አልቆ ሳለ ዐይኗን ከአንድ አጭር አጥር በላይ ብትሰድ፣ በሁለት ረድፍ የተተከሉ ዐሥራ አራት የቲማቲም ተክሎች ተመለከተች። እያንዳንዱ ተክል በአንድ አዲስ እንጨት ተደግፏል። በየእንጨቱ ጫፍ ሮዝ ጥብጣብ ታስሯል። በየእንጨቱ ጎንም በራሷ እጅ የተጻፈ ጥቁር ቁጥር ይታያል፤ ያውም ከአንድ እስከ ዐሥራ አራት በተራው ሳይዛነፍ።

ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በጎማ ውሃ እያጠጡ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አለች አብርሆት፣ ድምጿን በግድ አለስልሳ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

«የታክሲ ነጂው የአሥራት ልጅ ነኝ። ከአሌክሳንድሪያ።»

«አሥራት! ረጅሙ አሥራት? ኤርፖርት ስንት ዓመት አብረን ተራ ጠብቀናል! ልሳነወርቅ በይው፣ ያውቀኛል። ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል?»

«እገባለሁ። አስቀድሜ ግን እነዚህ ቲማቲሙን የደገፉት እንጨቶች ከየት እንደመጡ ልጠይቅዎት።»

«ከመንገድ ዳር ናቸዋ። ባለቤት የላቸውም።»

«አላቸው አባባ። ይህ ሰባት ቁጥር የእጅ ጽሕፈቴ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ቁጥሩንም ልጅቱንም እያፈራረቁ አዩ። «ታዲያ ያንቺ ከሆኑ ለምን ሜዳ ላይ ትጥያቸዋለሽ?»

«አልጣልኳቸውም! በመዶሻ ነው የተከልኳቸው።»

«እሱንስ አውቃለሁ። ሲነቀሉ ወገቤን የፈጁት እነሱ አይደሉ?»

እዚህ ላይ ስለ አቶ ልሳነወርቅ እውነቱን መናገር ይገባል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው፣ ለቅሶ የማይቀሩ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ ባለፈው ነሐሴ ጎርፍ የመጣ ዕለት ክፍሉን ከቤዝመንቱ በጀርባቸው ተሸክመው ያወጡ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው ደግ ሰው ግን ያንኑ ጎርፍ የሚያስቀረውን ሥራ ሦስት ጊዜ በእጁ ነቅሎ ጣለ። እኛ ሰዎች ጉዳት ሲደርስ እንሮጣለን፤ ጉዳቱን ለማስቀረት ግን ተነሡ ስንባል የሆነ ነገር ይይዘናል። አብርሆትን ከአመሏ ያወጣት ይኸው ነበር።

«አባባ፣» አለች አጥሩን ተደግፋ፣ «ለምን ነቀሉት?»

«አንቺ ልጅ፣ ስለ መሬት እኔን ልትጠይቂ ነው? እኔ ልጅ ሳለሁ ቀላድ ጣዮች መንደራችን መጡ። ገመድ ይዘው፣ ችካል ይዘው። ሦስት ቀን ሙሉ የባለ ርስቱን ሙክት ሲበሉ ሰነበቱና በአራተኛው ቀን ለኩ። ሲለኩ የአባቴ ማሳ እኩሌታው የባለ ርስቱ ሆኖ ተገኘ! አባቴ ችካሉን በሌሊት ነቀለው። ስድስት ወር ታሠረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ችካል የያዘ ሰው ሲመጣብኝ ደሜ ይፈላል።»

«እኔ የማንንም ሙክት አልበላሁም።»

«ገና ነዋ! ባርናባስ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ አስረድቶናል። መጀመሪያ ቱቦ ይላሉ፣ ቀጥሎ መንገድ ማስፋት ይላሉ፣ በመጨረሻ ቤትህን ልቀቅ ይላሉ።»

«ባርናባስ መሐንዲስ ናቸው?»

«የቤት ደላላ ነው።»

«ካውንቲው የላከውን ደብዳቤ አንብበውታል?»

«እሱ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ያውቃል።»

አብርሆት ዐይኖቿን ጨፍና ከፈተች። «እርስዎስ አባባ? አራት ደብዳቤ ተልኮልዎታል።»

«ሌተር ሁሉ ሽያጭ ነው ልጄ። የጣራ፣ የመስኮት፣ የጥርስ። እኔ ያንን ስከፍት አልውልም።»

«ያሉበትን ያምጡልኝ።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ገብተው ጥቂት ቆይተው በወረቀት የታጨቀ የላስቲክ ከረጢት ይዘው ወጡ። አብርሆት ከፒዛና ከምንጣፍ አጠባ ማስታወቂያ መካከል አራቱን ፖስታዎች ለየች፤ አንዱም አልተከፈተም። የመጀመሪያውን ቀድዳ ገልብጣ ሰጠቻቸው። አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አድርገው በግርጌው ያለውን መሥመር ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ይህን ማስታወቂያ በአማርኛ ለማግኘት ከፈለጉ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።» ከዚያም ቀና አሉ። «አማርኛ ነው እኮ!»

«ይቺ መሥመር ከመጋቢት ጀምሮ ነበረች፣ አባባ።»

ይህን የሚያነብ ሁሉ በአቶ ልሳነወርቅ ከመሳቁ በፊት የራሱን ከረጢት ይመርምር። ፊደል እንደቆጠርን እንኮራለን፤ በስማችን የተላከልንን ወረቀት ግን ለመክፈት እንሰንፋለን፤ ከዚያም ምን ተባለ ብለን ያላነበበውን ሰው እንጠይቃለን። እንዲህ ያለው ሰው ፊደል ካልቆጠረው ይብሳል፤ ያልቆጠረው ቢያንስ የሚያነብለት ይፈልጋልና።

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ይሁን» አሉ፣ ወረቀቱን እያጠፉ። «በአማርኛ ቢገኝስ? መንግሥት መሬትህን ሲፈልግ በየትኛውም ቋንቋ ይወስዳል። አንቺ እዚህ አገር አድገሽ አታውቂውም።»

«እኔ የማውቀው ዓርብ እንደሚመጣ ነው። ዓርብ እርስዎ ካልፈረሙና እነዚህ ችካሎች ካልቆሙ ሥራው ይሄዳል። በመጪው ነሐሴ ደግሞ ክፍሉን እንደገና ይሸከማሉ። ያውም በዚህ ዕድሜዎ።»

«እሸከማለሁ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ ደረታቸውን ነፍተው። «ምን ቸገረኝ?»

በዚህ መካከል የክፍሉ ሚስት ወይዘሮ ዘርትሁን የክፍሉን መድኃኒት ልታመጣ ወደ ሜትሮው አቅጣጫ ዳገቱን ስትወጣ አጥሩ ዘንድ ደረሰች። ሁለቱን እየተጨቃጨቁ ብታይ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጥታ ልታልፍ ነበር።

«እትዬ ዘርትሁን፣ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ» አለች አብርሆት። ባለፈው ሳምንት ቤዝመንቱን ስትለካ ተዋውቀዋል፤ ሽማግሌው ባሏን ከጎርፍ እንዴት እንዳወጡም ያን ጊዜ ሰምታለች። «ችካሎቹን ማን እንደነቀላቸው ያውቃሉ?»

ወይዘሮ ዘርትሁን የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች።

«ተናገሪ እንጂ፣» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ «እኔ ነኝ። ምን የሚደበቅ አለው?»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ» አለች በቀስታ። «ሦስቱንም ጊዜ በመስኮት አይቻለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ውሃው ጉልበትዎ ድረስ እየመጣ ባሌን በጀርባዎ ያወጡ ሰው ነዎት። ፊትዎ ቆሜ ‘ይተዉልን’ እንዴት እልዎታለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ክፍሉስ ሰምቷል?»

«ነግሬዋለሁ። ‘ተዪ፣ ጋሼን እንዳታስቀይሚ’ አለኝ። ‘ውሃውም ቢመጣ መቼስ ራሳቸው ያወጡናል’ አለ።» እንዲህ ብላ የጀመረችውን መዋጥ አልቻለችም። «ግን ጋሼ፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ጫማዬን አድርጊልኝ ይለኛል። ሌሊቱን ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛ። እርስዎ የደከሙት አንድ ቀን ነው፤ እኛ ግን ከሚያዝያ እስከ መስከረም እንደተጫማን ነን።»

አቶ ልሳነወርቅ የውሃውን ጎማ ለቀቁት። ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ውሃው ጫማቸውን እያራሰ ይፈስ ነበር፤ የሚዘጋውም አልነበረም።

«ያንን ቀን ለስንት ሰው አወራሁት?» አሉ ለራሳቸው ያህል። «በየለቅሶው፣ በየሰርጉ… ክፍሉ ሲድን እኔ ስመሰገን።»

ይሉኝታ መልካም ስም ያለው ነገር ነው፤ ሽማግሌ እንዲከበር፣ ውለታ እንዳይረሳ ያደርጋል። ነገር ግን ሰው በውለታው ተሸፍኖ ሲያጠፋ፣ ውለታ የተቀበለውም በምስጋና ታፍኖ ሲጎዳ፣ ያን ጊዜ ይሉኝታ መባሉ ቀርቶ ፍርሃት ሊባል ይገባዋል።

አብርሆት ንዴቷ ሳይበርድ እፍረት ተጨመረበት። «እኔም ጥፋት አለብኝ፣ አባባ» አለች። «በመጀመሪያው ቀን በፖስታ ሣጥኑ ላይ ስምዎን አይቻለሁ። ባንኳኳ ‘ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም’ ብለው ያቆዩኛል ብዬ ሳላንኳኳ ተከልኩና ሄድኩ።»

«እርግጥ አልለቅሽም ነበር።»

«ስለዚህ አሁን ላንብብልዎት። ሳልዘል።»

ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። አቶ ልሳነወርቅ እንደ ዳኛ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙ ነበር።

«ወደ ውስጥ ምን ያህል ይገባል?»

«ከመንገዱ ጠርዝ አራት እርምጃ።»

«ለዘላለም?»

«መሬቱ በእርስዎ ስም ይቆያል። ቱቦው ግን ከሥሩ ይኖራል፤ በላዩ ቤት መሥራት ወይም ትልቅ ዛፍ መትከል አይችሉም። ቱቦው ቢበላሽ ገብተው ቆፍረው መልሰው ያስተካክላሉ። የዘንድሮው ቲማቲም ግን አይተርፍም።»

«እንግዲያው ይወስዳል።»

«ይወስዳል። አይወስድም ብዬ አልዋሽዎትም። የሚወስደው ግን እስከየት እንደሆነ እዚህ ተጽፏል። ከዚህ አንዲት ስንዝር ቢያልፉ ይህንኑ ወረቀት ይዘው ይከሷቸዋል። አባትዎ ችካል የነቀሉት የሚያነቡት ወረቀት ስላልነበራቸው ነው። ለእርስዎ ግን አራት ጊዜ ተልኮልዎት አልከፈቱትም።»

አቶ ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ቀላ። አብርሆት አብዝቻለሁ ብላ ፈራች። እርሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ከወረቀቱ ጋር የተያያዘውን ንድፍ ተቀበሏትና መነጽራቸው ሥር አስጠግተው ቆዩ።

«ይቺ ክብ ምንድር ናት?»

«ጎርፉን ተቀብላ ወደ ቱቦው የምታስገባው አፍ ናት።»

«እዚህ? እዚህ ያደረጋት ማነው?»

«ንድፉን የሠሩት መሐንዲሶች። ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ።»

ሽማግሌው ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ከአየር ምን አወጣቸው? እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ከመስኮቴ ሳየው! ውሃው በመንገዱ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከላይ ትልቁ ዛፍ ዘንድ ይታጠፍና በአጥሬ ሥር ሰርስሮ እዚያች ሣሯ የቀጠነችበት ጋ ነው የሚወጣ። ዘርትሁን፣ እንዲያ አይደለም?»

«እንዲያ ነው፣ ጋሼ። ከዚያ ነው ወደኛ የሚዞረው።»

አብርሆት ወደ መኪናዋ ሄዳ ባለ ሦስት እግሩን የመለኪያ መሣሪያ አውጥታ አቆመች። ረጅሙን ዘንግ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

«ያሉት ቦታ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ። አይነቃነቁ።»

«ስድስት ወር የታሠረው አባቴ ይህን ባየ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

«አባባ፣ ሲናገሩ ዘንጉ ይወዛወዛል።»

ዝም አሉ። አብርሆት ለካች፤ አሥር እርምጃ ወደ ላይ ንድፉ ያመለከተውንም ቦታ አስይዛ ለካች፤ እንደገና ተመልሳ ለካች። ከዚያ ባርኔጣዋን አወለቀች። «እርስዎ ያሉት ቦታ በአራት ጣት ዝቅ ይላል። አፉ በንድፉ ቦታ ቢሠራ ኖሮ ግማሹ ውሃ አልፎት ይሄድ ነበር።» ወዲያው ስልኳን አንሥታ ለንድፉ ኃላፊ ደወለች፤ ልኩንም ነገረችው። ስትጨርስ ወደ ሽማግሌው በቁጣ ዞረች። «ይህን በመጋቢቱ ስብሰባ ላይ ቢናገሩት ምን ነበረበት?»

«የትኛው ስብሰባ?»

«በሁለተኛው ደብዳቤ የተጠሩበት!»

አቶ ልሳነወርቅ እስክሪብቶ ጠየቁና፣ «በአማርኛ ልፈርም?» አሉ።

«በፈለጉት ይፈርሙ፤ ብቻ ይፈርሙ።»

ፈረሙ። ከዚያም ማንም ሳያዝዛቸው ወደ ቲማቲሙ ሄደው ድጋፎቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ ተክሎቹም ተራ በተራ መሬት ላይ ተዘረጉ። «ነይ፣ አንደኛው የት ይተከል? መዶሻውን ወዲህ በይው፤ አንቺ አታጠብቂውም፣ በቀላሉ ነው የሚነቀል።»

ሥራው በመስከረም መጨረሻ ተጠናቀቀ። መንገዱ የእግረኛ ማለፊያ አገኘ፤ ወይዘሮ ዘርትሁንም የክፍሉን ባለ ጎማ ወንበር እየገፋች ከመኪና ሳትጋፋ እስከ ሜትሮው ማድረስ ቻለች። በጥቅምት መጀመሪያ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። ውሃው ትልቁ ዛፍ ዘንድ ታጠፈ፣ በአጥሩ ሥር ወረደ፣ ሣሯ ከቀጠነችበት በተሠራው አፍ ገባና ከምድር በታች ጠፋ። የአቶ ልሳነወርቅ መሬት ዛሬም በስማቸው ነው፤ ባርናባስ የተነበየውም መንገድ ማስፋት አልመጣም። በመንገዱ የሚኖሩ ዘጠኝ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አሁን ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይከፍታሉ፤ ያልገባቸውን ደውለው ይጠይቃሉ፤ በኅዳሩ የካውንቲ ስብሰባ አምስቱ ተገኝተው ስለ መንገድ መብራት ተናግረዋል። ከዚህ የሚገኘውን ጥቅም ማንም ሊስተው አይገባም፦ መሬቱን ያስለካ ሰው ምን እንዳለው ያውቃል፤ ወረቀቱን ያነበበ ሰው ምን እንደሚወሰድበትና ምን እንደማይወሰድበት ያውቃል፤ በስብሰባ የተገኘ ሰው ደግሞ መሐንዲስ ከአየር ያላየውን ይናገራል። የሕዝብ ሥራ የመንግሥት ብቻ ሥራ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከዝናቡ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወይዘሮ ዘርትሁን ለአቶ ልሳነወርቅ ደወለች። ድምጿ የተቸገረ ነበር።

«ጋሼ፣ ክፍሉ ተቀይሟል።»

«ውሃ ገባ እንዴ?»

«ኧረ ጠብ አላለም! እሱ ነው እኮ ያስቀየመው። ‘ድሮ ዝናብ ሲጥል ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር፤ አንዱ ምግብ ይዞ፣ አንዱ ብርድ ልብስ ይዞ። አሁን ሦስት ቀን ዘንቦ የጠየቀኝ የለም’ ይላል።»

አቶ ልሳነወርቅ ኮታቸውን ደርበው በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ቁልቁል ወረዱ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ክፍሉ በሩ ላይ ሲያያቸው ደንግጦ ወደ ወለሉ ተመለከተ።

«ምነው ጋሼ? ውሃ አልገባም እኮ።»

«አውቃለሁ። ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሆኜ?»

«ምንም ሳትሆን» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።